ከባንዲራ እስከ እንጀራ፦ የጌጤ ዋሚ የሩጫ ዘመን

በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ ደራርቱ ቱሉ ይላል። መልሱ ግን ጌጤ ዋሚ ናት። ደራርቱ የዓለም ሻምፒዮናውን ወርቅ ያገኘችው በ2001 ኤድመንተን ላይ ነው፤ ጌጤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ ሴቪል ላይ ወስዳዋለች። ከእሷ በፊት በዚህ ሻምፒዮና ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ።

ስለ ጌጤ የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው። አንዱ የሲድኒን ብር ያስታውሳል፤ ሌላው በርሊንን፤ ሌላው ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ስላስገኘላት የኒውዮርክ ውድድር ሰምቷል። ሦስቱ የአንዲት ሴት ሥራ መሆናቸውን ያያያዘ ጥቂት ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ይዞ ለተከተለው ግን፣ ሩጫ በአገራችን ከባንዲራ ጉዳይነት ወደ እንጀራ መብያ ሙያነት እንዴት እንደ ተሻገረ በእሷ ዕድሜ ውስጥ ይታያል። ከሴቶቹ መካከል ያንን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የሄደችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

(ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1974 እስከ 1991፦ ጫጫ

ጌጤ የተወለደችው ታኅሣሥ 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጫጫ ላይ ነው። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ደብረ ብርሃን ሳይደረስ የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዷ አጥንት ይሰብራል፤ ገብስና በግ የሚበዛበት ደጋ ነው። አበበ ቢቂላም ከእሷ 42 ዓመት ቀድሞ በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው የተወለደው።

የተወለደችበት ወር ከባድ ወር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ሦስት ወር ሆኗል፤ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ከተረሸኑ ሦስት ሳምንት አልሞላም። ልጅነቷ ያለፈው በደርግ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሯጭ የሚኖረው በክለብ ደመወዝ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ወታደር ወይም ፖሊስ ሆኖ ይቀጠራል፣ ከዚያ ይሮጣል። የትና መቼ እንደሚሮጥ የሚወስነው መንግሥት ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000ና በ10,000 ሜትር 2 ወርቅ ካመጣ በኋላ አገሪቱ ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስና ከ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ቀረች። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያው ዓመት ሴኡል ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ አልነበረም። ክብረ ወሰኑ 10 ዓመት ቆየ፤ ባለቤቱ ግን በምርጥ ጊዜው ኦሊምፒክ አመለጠው።

የሴቶቹ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነበር፤ የሚሮጡት ርቀት ራሱ ገና አልተፈጠረም። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው፣ 10,000 ሜትር በ1988፣ 5,000 ሜትር በ1996። ጌጤ ስትወለድ ኦሊምፒክ ላይ የሴቶች ረጅሙ ሩጫ 1,500 ሜትር ነበር። ኢትዮጵያውያት በረጅም ርቀት ለምን ዘግይተው ብቅ አሉ ለሚል ሰው፣ ከባህሉ ጫና በፊት ይህንን ማስታወስ ይገባል፤ ደጃፉ የተከፈተው ዘግይቶ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ጌጤ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች።

ከ1992 እስከ 1998፦ ከደራርቱ ጀርባ

ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ከዚያ ቀን በኋላ በኢትዮጵያ የሴት ሩጫ ሲባል ደራርቱ ማለት ሆነ። ከኋላዋ ለሚመጡት ይህ በረከትም ፈተናም ነበር። በዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በሚመራው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ሴቶች በቁም ነገር መታየት ጀመሩ፤ ያም ሆኖ የወጣ ሁሉ የሚለካው በእሷ ነበር። ጌጤ ሦስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው የምታንሳት። ስለዚህ ተተኪ አልነበረችም፤ እኩያና ተፎካካሪ ነበረች። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ተተኪ ተራውን ይጠብቃል፤ እኩያ ግን ተራ የለውም።

የጌጤ መውጫ አገር አቋራጭ ሆነ። በጃንሜዳ ምርጫ አልፎ ለዓለም አገር አቋራጭ መሰለፍ በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሯጭ ትልቁ በር ነበር። በ1995 እንግሊዝ ደርሃም ላይ ደራርቱ በጉዞ እንቅልፍ አጥታ፣ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ደርሳ ያሸነፈችበት ታሪክ አሁንም ይወሳል። በቀጣዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ላይ የደራርቱ ጫማ በሩጫው መካከል ወለቀና 4ኛ ወጣች። አንደኛ የወጣችው ጌጤ ናት፤ ኬንያዊቷ ሮዝ ቼሩዮት ሁለተኛ። ስለዚያ ቀን ሲወራ ግን ከአሸናፊዋ ይልቅ ጫማው ይነሳል። የ21 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ገና በመጀመሪያ ድሏ የሌላ ሰው ታሪክ ማሟያ ሆነች።

በዚያው ዓመት በአትላንታ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የተካሄደው በቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያና በፖርቹጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤሮ መካከል ነው። ሪቤሮ በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ዋንግን አልፋ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ጌጤ 5 ሰከንድ ያህል ዘግይታ በ31 ደቂቃ ከ6.65 ሰከንድ ሦስተኛ ገባች፤ ደራርቱ አራተኛ። ኢትዮጵያ ከአትላንታ ያመጣችው 3 ሜዳሊያ ነው፤ ኃይሌ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ፣ ጌጤ ነሐስ። ሁለቱ ወርቆች ስለ ነበሩ ነሐሷ ብዙም አልተወራላትም።

በ1997 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ሦስተኛ፣ በ1998 ማራካሽ ላይም ሦስተኛ ሆነች። በሁለቱም ውድድር ከፊቷ ሁለተኛ የገባችው አንዲት ቀጭን እንግሊዛዊት ነበረች፤ ፓውላ ራድክሊፍ። የሁለቱ ፉክክር 10 ዓመት ሙሉ ሊዘልቅ ነው፤ ከጭቃ ወደ ትራክ፣ ከትራክ ወደ አስፋልት።

በእነዚህ ዓመታት ከሜዳው ውጭ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ከ1997 ጀምሮ ለዓለም ሻምፒዮና አሸናፊዎች ገንዘብ መክፈል ጀመረ፤ ለወርቅ 60,000 ዶላር። ከዚያ በፊት አሸናፊ የሚወስደው ሜዳሊያና ጭብጨባ ነበር። አማተር የሚባለው የድሮ ሥርዓት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲላላ ቆይቶ፣ አሁን ሩጫ በይፋ ገበያ ሆነ።

1999፦ ቤልፋስትና ሴቪል

ደራርቱ በ1998 ልጅ ወልዳ ስለ ነበር፣ በ1999 መግቢያ የሴቶቹ ቡድን መሪ ጌጤ ሆነች። ያን ኃላፊነት የሚጠይቅ ሜዳ ቶሎ ገጠማት፤ የሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት።

የዚያ ዓመት የዓለም አገር አቋራጭ የተካሄደበት የባርኔት መናፈሻ በዝናብ ረጥቦ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። ጭቃ የእንግሊዞችና የአየርላንዶች ሜዳ ነው ይባላል፤ አፍሪካውያን ደረቅ መሬት ካላገኙ አይሆንላቸውም የሚል ግምት በአውሮፓ የሩጫ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነበር። ጌጤ ከ8 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚያልፈውን ርቀት በ28 ደቂቃ ጨርሳ አንደኛ ወጣች። የሜዳውን ክብደት ለመረዳት፣ በቀጣዩ ዓመት ፖርቹጋል ቪላሞራ ላይ አሸናፊዋ ተቀራራቢ ርቀት በ25 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ እንደ ጨረሰች ማወቅ ይበቃል። ሁለተኛዋ ከእሷ 12 ሰከንድ ዘግይታ የገባችው መሪማ ደንቦባ ነበረች። ፓውላ በራሷ ደጅ፣ በራሷ ጭቃ፣ ሦስተኛ ሆነች።

ነሐሴ ላይ ሴቪል። የደቡብ ስፔን የነሐሴ ሙቀት ማታም አይበርድም። በ10,000 ሜትር ፍጻሜ የሦስቱ ሴቶች ስልት እንደ ባሕርያቸው የተለያየ ነበር። ፓውላ መጨረሻ ላይ የምትለቀው ፍጥነት ስለሌላት ከሩቅ ጀምራ መምራትና ሌሎቹን በእርምጃ ብዛት መጨረስ ነበረባት፤ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች ዙሩን በዙር ላይ ደረበችው። ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ የማራቶን ሰው ናት፤ ትጸናለች እንጂ አትፈነጠርም። ጌጤ ከፓውላ ትከሻ ሥር ተለጥፋ ጠበቀች። መጠበቅ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ 30 ደቂቃ ሙሉ በሌላ ሰው ፍጥነት፣ በሌላ ሰው ፈቃድ መሮጥ ማለት ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ፓውላ የቀራት አልነበረም፤ ጌጤ ግን ነበራት።

በ30 ደቂቃ ከ24.56 ሰከንድ ገባች፤ የሻምፒዮናው ክብረ ወሰን። ፓውላ 2.57 ሰከንድ ዘግይታ፣ ሎሩፔ ሦስተኛ። ከኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ይህ ነው። በዚያው ሻምፒዮና ኃይሌም የወንዶቹን 10,000 ሜትር ስላሸነፈ፣ አገር ቤት በደስታው መካከል የጌጤ «የመጀመሪያዋ» መሆን እንደሚገባው አልተነገረም። ጋዜጠኞቻችን የሜዳሊያ ብዛት መቁጠር ይወዳሉ፤ ቅደም ተከተል መመዝገብ ግን ብዙም አይሆንልንም።

ከ2000 እስከ 2001፦ 9 ቀን በሲድኒ

ደራርቱ ከወሊድ በኋላ ተመለሰች። በመጋቢት 2000 ቪላሞራ ላይ በረጅሙ አገር አቋራጭ አንደኛ ደራርቱ፣ ሁለተኛ ጌጤ፤ መካከላቸው 6 ሰከንድ። የሲድኒ ኦሊምፒክ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቆ ነበር ለማለት ይቻላል።

ጌጤ ሲድኒ ላይ ሁለቱንም ርቀት ለመሮጥ ወሰነች። በ9 ቀን ውስጥ 4 ውድድር፤ የ5,000 ማጣሪያና ፍጻሜ፣ ከዚያ የ10,000 ማጣሪያና ፍጻሜ፤ በድምሩ 30 ኪሎ ሜትር በትራክ ላይ። የ5,000ው ፍጻሜ መስከረም 25 ቀን ነበር። ሩማንያዊቷ ጋብርኤላ ሳቦና አየርላንዳዊቷ ሶንያ ኦሱሊቫን በመጨረሻው መስመር ትከሻ ለትከሻ ሲታገሉ፣ ጌጤ ከሳቦ 1.44 ሰከንድ ዘግይታ ነሐስ አገኘች።

ከአምስት ቀን በኋላ የ10,000 ፍጻሜ መጣ። ፓውላ እንደ ልማዷ ከፊት ሆና አብዛኛውን ርቀት መራች፤ ደራርቱና ጌጤ ተከተሉ። በመጨረሻው ዙር ደራርቱ እንደ ጥይት ተተኮሰች። 30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ፤ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ለብሩ የተካሄደው ትግል ከወርቁ ይልቅ የከረረ ነበር፤ የአትላንታዋ ሪቤሮ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ተከተለቻትና ጌጤ በ0.40 ሰከንድ ብቻ ቀደመቻት። ያ ሰዓት፣ 30 ደቂቃ ከ22.48 ሰከንድ፣ በርቀቱ የሕይወቷ ምርጥ ሆኖ ቀረ። ፓውላ አራተኛ፣ ባዶ እጅ።

ጌጤ 5,000ውን ባትሮጥ ኖሮ ወርቁን ትወስድ ነበር? ደራርቱ 5,000ውን አልሮጠችም፤ ትኩስ እግር ነበራት። እንዲያም ሆኖ የዚያን ምሽት የደራርቱን የመጨረሻ ዙር ለተመለከተ ሰው፣ ያንን የሚመልስ እግር በሜዳው ላይ የነበረ አይመስልም። የጌጤ ውሳኔ ስሕተት ነበር ማለትም ይከብዳል፤ ኢትዮጵያ ሲድኒ ላይ ካገኘቻቸው 8 ሜዳሊያዎች ሁለቱን ያመጣች እሷ ብቻ ናት። 4 ወርቅ፣ 3 ነሐስና አንዲት ብር ነበሩ፤ ብቸኛዋ ብር የጌጤ ናት።

በመጋቢት 2001 የዓለም አገር አቋራጭ ደብሊን ላይ ሊካሄድ ታቅዶ በአውሮፓ የከብት አፍተ ማዝ በሽታ ስለ ተነሳ ወደ ቤልጂየም ኦስተንድ ተዛወረ። ቅዳሜ በረጅሙ ውድድር ፓውላ ጌጤን በ3 ሰከንድ ቀደመቻት፤ ለዓመታት ሲሸሻት የኖረውን ወርቅ በመጨረሻ ያዘች። በማግሥቱ እሑድ ሁለቱም በአጭሩ ውድድር ተሰለፉ፤ ጌጤ በ1 ሰከንድ ቀደመች። ወርቅነሽ ኪዳኔ ሦስተኛ። በሁለት ቀን፣ በ12 ኪሎ ሜትር ጭቃ፣ በሁለቱ ሴቶች መካከል የነበረው ልዩነት በሙሉ ቢደመር ከትንፋሽ አያልፍም።

ነሐሴ ላይ ካናዳ ኤድመንተን። ሩጫው እስከ መጨረሻው ዙር በዝግታ ሄደና ለሚፈተለኩት ተመቸ። ደራርቱ አንደኛ፣ ብርሃኔ አደሬ በ0.04 ሰከንድ ሁለተኛ፣ ጌጤ ሦስተኛ። ከኋላዋ በ0.08 ሰከንድ ተቀድማ አራተኛ የሆነችው፣ አሁንም ፓውላ። ሦስቱንም ሜዳሊያ ኢትዮጵያውያት ጠቅልለው ወሰዱ፤ የኢትዮጵያ ሯጮች የሚጠሩበት «አረንጓዴው ጎርፍ» የሚለው ስም ለሴቶቹም ተገባ። ለጌጤ ግን በትልቅ ሻምፒዮና ትራክ ላይ ያገኘችው የመጨረሻ ሜዳሊያ ነበር።

ከ2002 እስከ 2005፦ ወደ አስፋልት

27 ዓመት ለረጅም ርቀት ሯጭ ማብቂያ አይደለም። የጌጤን መንገድ ያጠበበው የአገሯ ሀብት ነው። በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያሰልፈው በመደበኛው 3 ሰው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ብርሃኔ አደሬ፣ ወርቅነሽ ኪዳኔ፣ እጅጋየሁ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር ተሰልፈው ነበር፤ ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ፓሪስ ላይ በ18 ዓመቷ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ለሌላ አገር ብትሮጥ ያለ ጥያቄ የምትመረጥ ሴት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከምርጫው ትወድቃለች።

የጎዳና ሩጫ እንዲህ ያለ ኮታ የለውም። የማራቶን አዘጋጅ የሚጠራው አገርን ሳይሆን ሰውን ነው። ስም ካለህ ለመገኘትህ ይከፍልሃል፣ ካሸነፍህ ሽልማት፣ ሰዓት ካሻሻልህ ጉርሻ፤ ማናጀሩም ድርሻውን ያነሳል። በምላሹ ሰውነት በዓመት ሁለት ማራቶን ቢችል ነው፤ አንዱ ከከሸፈ የግማሽ ዓመት ገቢ አብሮ ይሄዳል። በትራክ የተሸነፈ ሯጭ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ከተማ ሄዶ ይካሳል፤ የማራቶን ሰው ግን እንደ ገበሬ ክረምት ይጠብቃል።

ጌጤ በጥቅምት 2002 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጣ በ2:22:19 አሸነፈች፤ የቦታው ክብረ ወሰንም ሆነ። ለጀማሪ ይህ የሚያስደነግጥ ሰዓት ነው። ቀጥላ እንዳትሄድ ግን በ2003 እናት ሆነች፤ መመለሱም ጊዜ ፈጀ። ብዙዎች የጌጤ ነገር አበቃ ያሉት በእነዚህ ዓመታት ነው።

ከ2006 እስከ 2007፦ 35 ቀን

በ2006 መግቢያ የቦስተን፣ የለንደን፣ የበርሊን፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ማራቶኖች አንድ ማኅበር መሠረቱ። የጎልፍና የቴኒስ ባለሙያዎች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነጥብ እንደሚሰበስቡ ሁሉ፣ የማራቶን ሯጮችም በሁለት ዓመት ውስጥ ነጥብ እንዲሰበስቡ ተደረገ፤ ለአንደኛ 25፣ ለሁለተኛ 15፣ ለሦስተኛ 10፣ ለአራተኛ 5፣ ለአምስተኛ 1። በሁለቱ ዓመታት ብዙ ነጥብ ያገኘ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ይወስዱ ነበር። ሯጭ ስለ አንድ ውድድር ብቻ ማሰቡ ቀርቶ ሁለት ዓመቱን እንደ ንግድ ማቀድ ነበረበት።

መስከረም 24 ቀን 2006 ጌጤ በርሊንን በ2:21:34 አሸነፈች። በበርሊን ከ2000 እስከ 2005 ስድስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፉት ጃፓናውያት ነበሩ፤ ሰንሰለቱን የበጠሰችው እሷ ናት፤ በዚያ ከተማ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊትም ሆነች። በወንዶቹ ኃይሌ አሸነፈ። በሚያዝያ 2007 ለንደን ላይ ከቻይናዊቷ ዡ ቹንሺዩ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። መስከረም 30 ቀን እንደገና በርሊን፣ እንደገና አንደኛ፣ 2:23:17። ያን ዕለት ግን ኃይሌ በ2:04:26 የዓለም ክብረ ወሰን ስለ ሰበረ ዓለም ስለ ሌላ ነገር አላወራም። በስቴለንቦሽ ጫማ፣ በሴቪል ኃይሌ፣ በበርሊን ኃይሌ፤ የጌጤ ዕጣ እንዲህ ነበር።

አሁን 65 ነጥብ አላት። ላትቪያዊቷ የለና ፕሮኮፕቹካ 55። የቀረው የመጨረሻው ውድድር ኒውዮርክ ነው፤ ኅዳር 4 ቀን። ፕሮኮፕቹካ ያለፉትን ሁለት የኒውዮርክ ማራቶኖች ያሸነፈች ናት፤ ጌጤ ከቤቷ ብትቀመጥና ፕሮኮፕቹካ ብታሸንፍ 500,000 ዶላሩ ወደ ላትቪያ ይሄዳል። ብትሮጥ ደግሞ ከበርሊን በኋላ 35 ቀን ብቻ አርፋ ነው፤ ከሁለት ማራቶን መካከል ወራት ማረፍ የሙያው ሕግ ሆኖ ሳለ። ሄደች።

በስሌት ቢታይ ማድረግ የነበረባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፕሮኮፕቹካ ቀድሞ መግባት። ፕሮኮፕቹካን አጅቦ ሮጦ መጨረሻ ላይ መቅደም ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከመነሻው ከቬራዛኖ ድልድይ ጀምራ ፓውላ ራድክሊፍ ወደፊት ወጣች። ፓውላ በዚያ ጊዜ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረች፤ በጥር ወልዳ ይህ ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያ ማራቶኗ ነበር። ጌጤ ፕሮኮፕቹካን ትታ ፓውላን ተከተለች። አምስቱን የከተማዋን ክፍሎች እያቋረጡ፣ ድልድይ እየወጡና እየወረዱ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከትከሻዋ ሥር፤ ልክ እንደ ሴቪል።

ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ጌጤ ወጣች። ፓውላን አለፈቻት። ለትንሽ ጊዜ ከስምንት ዓመት በፊት የሆነው የሚደገም መሰለ። ፓውላ ግን የ1999ዋ ፓውላ አልነበረችም፤ መልሳ ተተኮሰችና አመለጠች። 2:23:09 ለ2:23:32። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ። 80 ለ65 ነጥብ፤ ግማሽ ሚሊዮኑ የጫጫዋ ልጅ ሆነ፤ በጊዜው ምንዛሬ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ። የዓለም ማራቶኖችን የነጥብ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ያን ቀን ወርቅ አልነበረም፣ ብሔራዊ መዝሙር አልተዘመረም፣ የአገር መለያ አልለበሰችም። አገር ቤት ብዙ ያልተወራላት ለዚህ ይመስለኛል። እንደ ሙያ ከታየ ግን ከሴቪል የሚበልጠው ኒውዮርክ ነው። በ32 ዓመቷ፣ እናት ሆና፣ በ35 ቀን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዓለም ፈጣኗ ሴት በ23 ሰከንድ ብቻ ተቀድማ የሮጠችው ማራቶን ነው።

ከ2008 በኋላ

በሚያዝያ 2008 ለንደን ላይ ውኃ መውሰጃው አጠገብ ወድቃ ተነሳች፤ ተከትላም ሦስተኛ ገባች። የሁለተኛው ዙር የነጥብ ውድድር ሲዘጋ ከጀርመናዊቷ ኢሪና ሚኪቴንኮ ጋር 65 ለ65 እኩል ሆነች፤ ገንዘቡ ግን ለሚኪቴንኮ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ስሞች ከፊት ወጡ።

በኅዳር 2009 ደራርቱ ቱሉ በ37 ዓመቷ ኒውዮርክን አሸነፈች፤ በዚያ ከተማ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። ፓውላ አራተኛ። የሦስቱ ሴቶች የ12 ዓመት ሒሳብ በዚያ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በርሊን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ የጌጤ ርቀት በነበረው 10,000 ሜትር፣ የጎጃሟ ውዴ አያሌው ነሐስ አመጣች፤ እህቷ ሕይወት አያሌውም በ3,000 ሜትር መሰናክል ከዓለም ምርጦች ተርታ ገባች። ዛሬ በጎጃም ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ማለዳ ተነስታ የምትሮጥ ልጅ ሩጫ ሥራ እንደሚሆን ማንም አይነግራትም፤ ታውቀዋለች።

በርሊን ደግሞ የኢትዮጵያውያት ከተማ ሆነች። አጸደ ሀብታሙ በ2009 አሸነፈች፣ አበሩ ከበደ ሦስት ጊዜ፣ ትርፊ ጸጋዬ በ2014። መስከረም 24 ቀን 2023፣ ጌጤ ጃፓናውያቱን በሰበረችበት ዕለት ልክ በ17ኛው ዓመት፣ ትዕግሥት አሰፋ በዚያው ከተማ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ከጌጤ ሰዓት 9 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ይፈጥናል። ልዩነቱን በእግር ብቻ መለካት ግን አግባብ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የጫማ አብዮት አልፏል፣ ጌጤ የሮጠችው በተራ ጫማ ነው።